የማስታመም ሐኪሟ፦ ሲስሊ ሳውንደርስ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች በሙያችን ፈለጉን ስለተከተልነው አንድ ሰው እንድንጽፍ ሲጠይቁን፣ አብዛኞቻችሁ የአገር ሰው እንደምትመርጡ ገምቻለሁ። እኔም መጀመሪያ ሐኪም ወርቅነህን አስቤ ነበር። ከሚሴ ላይ ስሠራ ግን በየቀኑ በሐሳቤ አብረውኝ የሚውሉት ዶክተር ሲስሊ ሳውንደርስ የሚባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። እኔ በሥልጠና የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ዓመታት እየገፉ ሲሄዱ ሥራዬ ወደ አንድ ጉዳይ አዘነበለ፤ በሽታው የማይድን ሰው እስከ መጨረሻው እንዴት ይታመማል የሚለው። ይህን ነገር ሙያ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳውንደርስ በ1918 ለንደን ዳር ባለችው ባርኔት ተወለዱ። ቤተሰቡ ገንዘብ አላጣም፤ ሰላም ግን አልነበረውም፣ ወላጆቻቸውም ኋላ ተለያይተዋል። ከእኩዮቻቸው ይልቅ ረጅም፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበሩ። በ1938 ኦክስፎርድ ገብተው ፖለቲካ፣ ፍልስፍናና ኢኮኖሚክስ ማጥናት ጀመሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርቱን አቋርጠው በሴንት ቶማስ ሆስፒታል የናይቲንጌል ትምህርት ቤት ነርስነት ተማሩ። ሥራውን ወደዱት፤ ጀርባቸው ግን አልቻለም። ሕመምተኛ ማንሳትና ማዞር የማይችል ነርስ ምን ያደርጋል? ወደ ኦክስፎርድ ተመልሰው ዲግሪያቸውን ጨረሱና በ1947 የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኑ።

ዴቪድ ታዝማን ያገኙት በዚሁ ዓመት ነው። ከዋርሶ የመጣ ይሁዲ ስደተኛ፣ ለንደን ውስጥ በአስተናጋጅነት ይሠራ የነበረ፣ ዕድሜው አርባ ገደማ የሆነ ሰው ነበር። ካንሰሩ ተሰራጭቷል፣ አጠገቡም ዘመድ የለውም። ሳውንደርስ እየተመላለሱ ይጠይቁት ጀመር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ሄደው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ተዋደዱም። የሚያወሩት እሱን መሰል ሰው የት ቢሞት ይሻል ነበር የሚለውን ነበር። ሕመሙ የሚታገስለት፣ በጫጫታ መሐል የማይጣል፣ የሕይወቱን ጉዳይ ለመቋጨት ጊዜ የሚያገኝበት ቤት። በ1948 መጀመሪያ ሲሞት አምስት መቶ ፓውንድ ተናዘዘላቸው፤ ለሚሠሩት ቤት መስኮት እንዲሆን ብሎ። ልብ በሉ፣ ቤት የሚባል ነገር ገና የለም። መስኮቱ ግን ተከፍሎበታል። ቤቱ እስኪሠራ 19 ዓመት ፈጀ፤ የታዝማ መስኮትም ጌጥ የሌለው ተራ መስታወት ሆኖ መግቢያው አጠገብ ተገጠመ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሴንት ሉክ በሚባል የመጨረሻ ሕሙማን ቤት በፈቃዳቸው በነርስነት ማገልገል ጀመሩ። ከሚሞቱ ሰዎች ጋር መሥራት እንደሚፈልጉ ለአንድ የደረት ቀዶ ሐኪም አማከሩት። ሰውየው ኖርማን ባሬት ነው። አዎ፣ የውስጥ ደዌ ፈተና ላይ ስላስጨነቀን የምግብ ቧንቧ ለውጥ ስሙን የሰጠው ባሬት ራሱ። የመከራቸው ሕክምና እንዲማሩ ነው፤ ሐኪሞች የሚሞተውን ሰው ጥለውት እንደሚሄዱ፣ ነርስ ሆነው ቢናገሩም ማንም እንደማይሰማቸው ነገራቸው። በ33 ዓመታቸው ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1957 ተመረቁ። ከእኛ ዘመን ሰዎች መካከል ስፔሻሊቲ ለመጀመር ጊዜው አልፎብኛል የምትሉ አላችሁ፤ እስቲ አስሉት።

ትልቁ ሥራ የተጀመረው በ1958 ነው። በምሥራቅ ለንደን ሃክኒ ውስጥ የአየርላንድ ደናግል የሚያስተዳድሩት ሴንት ጆሴፍ የሚባል ሆስፒስ አለ። ደናግሉ ርኅራኄ ሞልቷቸዋል፤ የመዝገብ አያያዝና የመድኃኒት ሥርዓት ግን እምብዛም ነበር። በዘመኑ በየሆስፒታሉ ሞርፊን የሚሰጠው ሕመምተኛው ሲጮኽ ነው። ጮኾ፣ ነርስ ጠርቶ፣ ነርሷ ሐኪም አስፈቅዳ፣ መርፌው እስኪመጣ ሕመሙ ሥር ሰዷል፤ ስለዚህ ብዙ መጠን ያስፈልገዋል፣ ብዙው ያስተኛዋል፣ ሲነቃ እንደገና ይጮኻል። ሳውንደርስ ሴንት ሉክ ያዩትን ይዘው መጡ፤ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን፣ በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ ከመመለሱ በፊት። ያለፈው መጠን ሳያልቅ የሚቀጥለው ይደርሳል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጩኸት መግዛት ቀረለት፤ ሰዓቱን ማየት፣ የሚቀጥለውን መርፌ መጠበቅም ተወ። እነዚያ ሰዎች ቀና ብለው ሻይ ይጠጡ፣ ጋዜጣ ያነቡ ጀመር።

ሱስ ይሆንባቸዋል የሚለውን ክርክር በስብከት አይደለም የመለሱት። ሕመምተኞቹን አንድ በአንድ መዘገቡ፤ ከሺህ በላይ ሰዎች። ድምፃቸውንም በቴፕ ይቀዱ ነበር። በትክክል ለሕመም ከተሰጠ መጠኑ ያለ ገደብ እንደማይንር፣ ሕመሙ በሌላ መንገድ ከቀነሰም ሞርፊኑን መቀነስ እንደሚቻል አሳዩ። በሰባዎቹ ዓመታት ደግሞ ሮበርት ትዋይክሮስ የሚባል ወጣት ሐኪም እሳቸው ጋ ሆኖ ሞርፊንንና ሄሮይንን በጥናት አነጻጸረ፤ በአፍ በሥርዓት ሲሰጡ የሚያኮራ ልዩነት አላገኘም። ይህ ለእንግሊዞቹ ብቻ የሚጠቅም ውጤት አልነበረም። ሄሮይን ለሐኪም በማይፈቀድበት አገር ሁሉ ርካሹ ሞርፊን ይበቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገራቸው ሁለንተናዊ ሕመም የሚሉት ሐሳብ ነው። ሰውነት ያመዋል፣ ልብም ያመዋል፣ ቤተሰብና ኪስም ያመዋል፣ ከፈጣሪ ጋር ያለው ነገርም ያመዋል፤ አንዱን ትተህ ሌላውን ብታክም አይታገስም። ከሚሴ ላይ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም። በአማርኛ ሕመም ስንል በሽታውም ስቃዩም ነው፤ የአካባቢዬ ኦሮምኛም ሁለቱን ከአንድ ሥር ነው የሚያወጣቸው። ከጨፋ የመጣ ገበሬ ጉበቱ ላይ ዕጢ ይዞ ፊቴ ሲቀመጥ፣ ከቀኝ ጎኑ ቀድሞ የሚያነሳው ስለተሸጠው በሬ ነው። ደሴ ለመታከም አንዱ ሄደ። ሌላው አዲስ አበባ ለመድረስ። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረፋ ይዞ የተመለሰ ብዙ ነው። ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ያላገባች ልጁ ናት። ከዚያ ሩቅ አገር ሞቶ አስከሬኑን ለማምጣት ቤተሰቡ ዕዳ እንዳይገባ። ይህን ሁሉ ሳልሰማ የጻፍኩት ማዘዣ ሌሊቱን አያስተኛውም።

እዚህ አገር ለዚህ የራሱ መድኃኒት አለው። ወሎዬ ሰው ሲታመም ወዳጃ ይቀመጣል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። ሳውንደርስ ጠንካራ ክርስቲያን ነበሩ፤ ቤታቸውን ግን ለየትኛውም እምነትና እምነት ለሌለውም ክፍት አድርገው ነው የሠሩት። እኔም ወዳጃውን ከሞርፊኑ ጋር አላጣላውም። ሼኹ በዱዓው መሐል መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰድ ካሉት የእኔን ሥራ ግማሹን ሠሩልኝ። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሽተኛ መጾም እንደማይገደድ ሁሉም ያውቃል፤ ግን የመጨረሻ ረመዳኔ ነው ብሎ የሚጾም አለ፣ ማን ይከለክለዋል? በየአራት ሰዓቱ የሚወሰደው እዚህ ላይ አይሠራም። በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ የሚወሰደው ቀስ ብሎ የሚለቀው እንክብል ካለ አንዱን በሱሁር አንዱን በኢፍጣር እናደርጋለን። ካለ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ወረቀቱ ሲጓተት፣ ተራው ሞርፊንም የሚታጣበት ወር አለ። ያኔ ትራማዶልና ፓራሲታሞል ይዤ ከአጥንት ካንሰር ፊት የቆምኩበትን ሌሊት እዚህ አልዘረዝርም፤ በየወረዳው ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ሌላው በየዕለቱ የሚገጥመኝ ከበር ኋላ የሚጠራኝ ልጅ ነው፤ ለአባዬ እንዳይነግሩት ብሎ። ሳውንደርስ እዚህ ላይ ጥያቄውን ገለበጡት። ይነገር አይነገር ከማለት በፊት ሕመምተኛው ምን እንዳወቀ ስሙ ይሉ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ አውቆታል። እኔ ያየሁትም ይኸው ነው። አባት ልጁን እንዳያስጨንቅ ዝም ይላል፣ ልጅ አባቱን እንዳያስጨንቅ ዝም ይላል፣ መሐላቸው ቡናው ይቀዘቅዛል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ገንዘቡን ሲለምኑ፣ መሬቱን ሲያስፈቅዱ ዓመታት ሄዱ። በመሐል እጅግ የሚወዱት ሌላ ፖላንዳዊ ሕመምተኛ፣ አንቶኒ ሚችኒዬቪች፣ በ1960 ሞተባቸው። በማግሥቱ ዓመት አባታቸው ሞቱ። ሐዘኑ ሐዘን ላይ ተደራርቦባቸው ዕቅዱን አልለቀቁም። በ1967 በደቡብ ለንደን ሲደንሃም ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ ተከፈተ። ሕክምና፣ ማስተማርና ምርምር በአንድ ጣራ ሥር የዋሉበት የመጀመሪያው ሆስፒስ ይህ ነው ይባላል፤ ለእኔም ከሕንፃው ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው። በ1969 ደግሞ ነርሶችን ወደ ሕሙማን ቤት መላክ ጀመሩ። አልጋ ለሌለን ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመን ትምህርት ይኸኛው ነው፤ የእኔ ሕመምተኞች የሚሞቱት ቤታቸው ነውና።

ነገሩ ከዚያ ተሰራጨ። ካናዳ ውስጥ በሰባዎቹ ዓመታት ሆስፒስ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ የድሆች ማደሪያ ስለሚመስል ሌላ ስም ወጣለት፤ እኛ ማስታገሻ ሕክምና ብለን የተረጎምነው እሱን ነው። እውነቱን ለመናገር ትርጉሙ አይጥመኝም። ማስታገሻ ስንል ሰው የሚያስበው ክኒን ነው። ማስታመም የሚል ቃል እያለን! አስታማሚ ያልነበረ ኢትዮጵያዊ ማን አለ? በ1987 እንግሊዞች የሕክምና ስፔሻሊቲ አድርገው አወቁት። በ1993 ኡጋንዳ ውስጥ የተጀመረው ሆስፒስ የሞርፊን ዱቄት በውኃ በጥብጦ በጠርሙስ ማደል ጀመረ፤ በኋላም የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ አገሩ በሕግ ፈቀደ። እኛ አገር አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 ተመሠረተ፤ የጀመረችውም ነርስ ናት።

ሳውንደርስ ያገቡት በ1980፣ በ61 ዓመታቸው ነው። ባላቸው ማሪያን ቦሁሽ ሺሽኮ ሠዓሊ ነበር፤ እሱም ፖላንዳዊ፣ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ከእሳቸው በብዙ ዓመት ይበልጥ ነበርና መጨረሻውን እሳቸው ናቸው ያስታመሙት፤ በ1995 በዚያው በሴንት ክሪስቶፈር ሞተ። ማዕረጉና ሽልማቱ በርካታ ነው፣ እሱን አልፈዋለሁ። እሳቸውም የጡት ካንሰር ይዟቸው ሐምሌ 14 ቀን 2005፣ በ87 ዓመታቸው፣ ራሳቸው ባቋቋሙት ቤት ተኝተው አረፉ። ድንገተኛ ሞትን አይመኙም ነበር ይባላል፤ ሰው ለመሰናበትና ይቅር ለመባባል ጊዜ ቢያገኝ ይሻላል የሚል አቋም ነበራቸው።

እሳቸው ሲሞቱ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ስማቸውን ክፍል ውስጥ አልሰማሁትም። አሁን በማስተማር ላይ ላላችሁ መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። ልምምድ ላይ ካሉት ሐኪሞች ሁለት ሁለቱን፣ ለሁለት ለሁለት ሳምንት ወደ እኛ ላኩልኝ። የሞርፊን መጠን ማስላት፣ ከእሱ ጋር የሆድ ማለስለሻ አለመርሳት፣ ከቤተሰብ ጋር መቀመጥ ያያሉ። ኦሮምኛ የሚችል ካለ ቅድሚያ ስጡት። ሙቀቱ ትንሽ ያስቸግራል፤ ማደሪያ አለ፣ እሑድ የሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ አለ። ደብዳቤውን እኔ ከሆስፒታሉ በኩል እጨርሳለሁ።