ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና የቃላት ሚዛን

ከኮምፒዩተርና ከሞባይል የሚገኝ ማስረጃ በሚገለጽባቸው ቃላት ላይ እሠራለሁ፡፡ ለባዕዱ ቃል አማርኛ እፈልጋለሁ፤ ሁለት ቃላት በትርጉም ምን ያህል እንደሚቀራረቡም እመዝናለሁ፡፡ በዚህ ሥራ መካከል ደጋግመው ትዝ የሚሉኝ ሰው ግን ኮምፒዩተር ሳያዩ ያለፉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው፡፡

ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ፣ በቅኔ ትምህርቷ በምትታወቀው ደብረ ኤልያስ ተወለዱ፡፡ እዚያ ቅኔ የሚቆጥር ልጅ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም እንደሚሸከም በልጅነቱ ያውቃል፡፡ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ ነው፡፡ ሰሙን ይዞ ወርቁን የሳተ ተማሪ ቅኔው አልገባውም፡፡ ዮፍታሔ ከዚህ ትምህርት ወጥተው ነው በቤተ ክርስቲያን ማዕረጋቸው ቀኝ ጌታ ተብለው የተጠሩት፡፡

ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጡ፡፡ በትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ተማሪዎች የሚጫወቷቸውን ቲያትሮችም ጻፉ፡፡ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ለደረሱለት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መዝሙር ግጥሙን የጻፉት እሳቸው እንደሆኑ ብዙዎች ይናገራሉ፡፡ ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ወደ ሱዳን ተሰደዱ፡፡ አፋጀሽኝ የተሰኘው ቲያትራቸው የዚያ ዘመን መከራ ነው፡፡ ርዕሱን ለሰማ አንዲት ሴት የምትወቀስ ይመስላል፤ ጉዳዩ ግን የአገር ነው፡፡ ከነፃነት በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ በ1939 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በድንገት አረፉ፡፡

ታዲያ ይህ ከእኔ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል? ኮምፒዩተር የቃላትን መቀራረብ የሚለካው ጎረቤቶቻቸውን እየቆጠረ ነው፡፡ ሁለት ቃላት ከተመሳሳይ ቃላት ጋር ከዋሉ፣ ውጤታቸው ወደ 1 ይጠጋል፡፡ ችግሩ “የተሰረዘ ፋይል” እና “የተመለሰ ፋይል” ሁልጊዜ አብረው ስለሚነሱ፣ ማሽኑ ተቃራኒዎቹን ዘመዳሞች ያደርጋቸዋል፡፡ ሰሙን ቆጥሮ ወርቁን ይስታል ማለት ነው፡፡

“ቅጂ” የሚለውን ቃል እንመልከት፡፡ አንድ ሰው ፋይሎችን ወደ ፍላሽ ቢገለብጥ ቅጂ እንላለን፡፡ መርማሪ የዲስኩን እያንዳንዱን ቢት፣ የተሰረዘው ቅሪት ሳይቀር፣ ሲወስድና ሀሽ በሚባለው የሒሳብ አሻራ ሲያረጋግጥም ያው ቅጂ እንላለን፡፡ የመጀመሪያው የተሰረዘውን አያሳይም፤ ሁለተኛው ያሳያል፡፡ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም፡፡ ዳኛ ሁለቱን አንድ አድርጎ ከሰማ፣ ንጹሕ ሰው ሊታሰር፣ ጥፋተኛም ሊያመልጥ ይችላል፡፡

ስለዚህ እኔ ማሽኑ የሰጠኝን ቁጥር እንደ ፍርድ አልቀበለውም፡፡ ቁጥሩን ካየሁ በኋላ፣ ደብረ ኤልያስ ያለ የቅኔ መምህር ተማሪውን እንደሚጠይቀው ራሴን እጠይቃለሁ፤ ሰሙስ ይኸው፣ ወርቁ የታለ?