ከገበሬው ማሳ የተማሩት ሊቅ፦ ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ሩሲያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ በ1891 በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ሰብል ጠፍቶ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ቫቪሎቭም ዕድሜያቸውን የሰጡት እህል ድርቅን፣ ውርጭንና በሽታን የሚቋቋምበትን መንገድ ለመፈለግ ነበር።

በሞስኮ የግብርና ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ጽሑፋቸው ሰብል የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችን የሚመለከት ነበር። በ1916 ደግሞ በሰሜናዊ ኢራን የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች ዳቦ በልተው በመታመማቸው ምክንያቱን እንዲመረምሩ ተላኩ። ጥፋቱ በስንዴው መካከል የበቀለው የእንክርዳድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወደ ፓሚር ተራሮች ሲያቀኑ ሌላ ትምህርት ጠበቃቸው። በዝቅተኛው ስፍራ በስንዴ ማሳ ውስጥ እንደ አረም የሚበቅለው ራይ የተባለ እህል፣ ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ስንዴውን ተክቶ ዋና ሰብል ይሆን ነበር። አረምና ሰብል የሚለዩት እንደ አየሩና እንደ መሬቱ መሆኑን ቫቪሎቭ ከዚህ ተረዱ።

በ1926 በሊባኖስ፣ በሶሪያ፣ በፍልስጤምና በዮርዳኖስ የጥንት የእህል ዘሮችን ሰበሰቡ። በተከታዩ ዓመት በጅቡቲ በኩል ኢትዮጵያ ገቡ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው ካነጋገሯቸው በኋላ፣ በበቅሎ ጓዝ አስጭነው ወደ ሰሜን ተጓዙ። ጤፍንና ኑግን፣ እጅግ የበዛውን የገብስ ዓይነትና ጥቁር ስንዴን በየማሳው ተመለከቱ። በአንድ ማሳ የተለያየ ዘር ተቀላቅሎ ይዘራል፤ አንዱ በዝናብ እጥረት ወይም በዋግ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋልና። ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርገው መዘገቡ።

በሌኒንግራድ ይመሩት በነበረው ተቋም ከ200,000 በላይ የዘር ናሙናዎች ተከማቹ። ይሁን እንጂ የዘር ውርስ ሳይንስን የሚክደው ትሮፊም ሊሴንኮ በስታሊን ዘንድ ተሰሚነት አገኘ። ቫቪሎቭ እውነቱን አልካዱም፤ በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳሉ ተያዙ። በመጀመሪያ ሞት ተፈረደባቸው፤ በኋላም ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ።

በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበች። ከተቋሙ ሠራተኞች በርካቶቹ ሩዝ፣ ስንዴና ኦቾሎኒ በእጃቸው እያለ ለዘር የተቀመጠውን አንበላም ብለው በረሃብ ሞቱ። መምህራቸውም እንዲሁ በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተዳክመው አረፉ። ሳራቶቭ በወጣትነታቸው በፕሮፌሰርነት ያስተማሩባት ከተማ ነበረች።

በ1955 ከክሱ ነጻ መሆናቸው ታወጀ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በአዲስ አበባም ከ1976 ጀምሮ የአገሪቱን የሰብል ዘር የሚጠብቅ ማዕከል አለ። ዘሩን በመጀመሪያ የጠበቀው ግን በየዓመቱ ከአውድማው ላይ ምርጡን ለይቶ፣ በችግር ቀን እንኳ ሳይበላ ለመጪው ክረምት የሚያስቀምጠው ገበሬ ነው። ቫቪሎቭ ከማሳው የተማሩትና የሞቱለት ይህንኑ ነበር።