ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስና የማር ሰፈፍ

ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1819 በአየርላንድ፣ ስክሪን በምትባል የገጠር ደብር ከቄስ ቤት ተወለደ። በ1837 ካምብሪጅ ገባ፤ በ1841 በሒሳብ ፈተና ከጓደኞቹ ሁሉ አንደኛ ወጣ። በ1849፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ ቀድሞ ኒውተን ተቀምጦበት በነበረው የሒሳብ ወንበር ተሾመ፤ እስኪሞትም ድረስ አልለቀቀውም።

እኛን የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎችን ከዚህ ሰው ጋር ያስተዋወቀን በ1851 የወጣው ጥናቱ ነው። የተነሣው ከሰዓት ነበር፤ ይኸውም የሰዓት ፔንዱለም ሲወዛወዝ አየሩ ምን ያህል እንደሚይዘው ለማወቅ ነው። አንድ ነገር በፈሳሽ ውስጥ ይሰምጥ ወይም ይንሳፈፍ እንደ ሆነ አርኪሜድስ ከ2000 ዓመት በፊት አስረድቶ ነበር፤ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ግን አልነገረንም። ስቶክስ ለትንንሽና ድቡልቡል ነገሮች ይህን መለሰ።

በዋድላ ደጋ፣ በኮን፣ ጠጅ የምትጥል ሴት ነገሩን በእጇ ታውቀዋለች። አንድ ሊትር ማር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ሲመዝን የሰም ሊትር ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ ሰሙ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ማሩ ወፍራም ነውና፣ ይልቁንም በብርድ ጊዜ፣ ይዞ ያዘገየዋል። ማሩ በውኃ ሲበጠበጥ የክብደታቸው ልዩነት ይቀንሳል፤ ይህ ብቻ ቢሆን ሰሙ በዘገየ ነበር። ውፍረቱ ግን ከዚያ እጅግ አብልጦ ስለሚቀንስ ሰሙ ፈጥኖ ወጥቶ ሰፈፍ ይሆናል። ፍርፋሪውም ወርዱ እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ አራት እጥፍ ነው። በዚያው ደጋ ላይ የሚውለው ጉም የማይወድቅ የሚመስለንም ጠብታዎቹ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆኑ ነው፤ ስቶክስ ይህንንም በዚያው ጥናት ገልጾታል።

በ1857 ሲያገባ የኮሌጁ ደንብ ባለ ትዳር ስለማይፈቅድ አባልነቱን ለቀቀ፤ ደንቡ ተለውጦ የተመለሰው በ1869 ነው። ከ1854 እስከ 1885 የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሆኖ የሌሎችን ድርሰት ሲያነብና ሲያርም ኖረ። ወዳጆቹ የራሱ ምርምር ተበላ ብለው አዘኑ። እኛ ግን በዚህ ሙሉ በሙሉ አንስማማም፤ በእርሱ እርማት የተቃናው የሰው ሥራ ከማን ሒሳብ ይቈጠራል?

በ1903 በካምብሪጅ ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሊካን የተባለ አሜሪካዊ የዘይት ጠብታዎች በአየር ውስጥ የሚወርዱበትን ፍጥነት ለካና፣ የስቶክስን ሕግ ለደቃቅ ጠብታ ጥቂት አስተካክሎ፣ አንድ ኤሌክትሮን የያዘውን የኤሌክትሪክ መጠን አገኘበት።