የነፋስን ጉልበት ያሰሉት ፕሮፌሰር ቴዎዶር ፎን ካርማን

የአየር ፍሰት ሊቁ ፕሮፌሰር ቴዎዶር ፎን ካርማን እ.ኤ.አ. በ1881 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለዱ። በ1908 ከጀርመኑ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተው በአኽን ከተማ ሲያስተምሩ ቆዩ፤ በ1930ም በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ኖቬምበር 7 ቀን 1940 በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የታኮማ ድልድይ ገና በተከፈተ በ4 ወሩ፣ በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚነፍስ ነፋስ ተጠማዞ ፈረሰ። ካርማን አደጋውን ከመረመሩት ሦስት ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የድልድይ መሐንዲሶች ነፋስን የሚያሰሉት ባለበት እንደሚጫን ክብደት ብቻ ነበር። እሳቸው ግን የሚተጣጠፍ አካል ሲወዛወዝ የነፋሱን ግፊት እንደሚለውጥ፣ የተለወጠው ግፊትም ውዝዋዜውን እንደሚያባብስ በማመን፣ የድልድይ ሞዴል አስቀድሞ በነፋስ ዋሻ እንዲፈተን ተከራከሩ። በ1950 የተከፈተው ምትክ ድልድይ በዚሁ መንገድ ተፈትኖ የተሠራ ነው።

ከድምፅ ከ5 እጥፍ በላይ በሚፈጥን በረራ ችግሩ ይብሳል፤ የአየሩ ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ይቀንሰዋልና። ይህን ፍጥነት በ1946 «ሃይፐርሶኒክ» ብለው የሰየሙት የካርማን ተማሪ የነበሩት ቺያን ሹየሰን ናቸው።

ካርማን በ1963 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ በመጀመሪያነት ተቀብለው፣ በዚያው ዓመት በ81 ዓመታቸው በአኽን ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዛሬ ከጂዛን ወደ ጅዳ የሚበር መንገደኛ የአውሮፕላኑ ክንፍ ረገብ ቀና ሲል እያየ ያለ ሥጋት የሚጓዘው፣ ውዝዋዜው አስቀድሞ ተሰልቶ ስለተገደበ ነው።