እምነትን በእርምጃ የለካው ፍራንክ ራምሲ (1903–1930)

ሰው እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር እንዴት ይወስናል? መወሰን ያለበትስ እንዴት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ የፍልስፍና፣ የምጣኔ ሀብት፣ የሥነ ልቦና፣ የስታቲስቲክስና የኮምፒውተር ሳይንስ የትምህርት ክፍሎች ተከፋፍለው ይዘዋቸዋል፤ አንዱም የሌላውን መጽሔት እምብዛም አያነብም። ይሁንና እያንዳንዱ የራሱን ንድፈ ሐሳብ ምንጭ ወደ ኋላ እየተከተለ ቢሄድ፣ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው አንድ የ23 ዓመት ወጣት በ1926 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካምብሪጅ ከጻፈው ድርሰት ላይ ነው። ድርሰቱ «እውነትና የመሆን ዕድል» ይሰኛል፤ ጸሐፊው ፍራንክ ፕላምተን ራምሲ ነው። ራምሲ ይህን ሥራውን ታትሞ ሳያየው ሞተ።

የተወለደው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1903 በካምብሪጅ ከተማ ነው። አባቱ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነበር። ታናሽ ወንድሙ ማይክል ኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ እስከ መሆን የደረሰ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሆን፣ ፍራንክ ግን ገና በወጣትነቱ ከሃይማኖት ራቀ፤ ልዩነቱ ወንድማማቾቹን አላቆራረጣቸውም። ከዊንቸስተር ትምህርት ቤት ወደ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተሻግሮ ሒሳብ አጠና፤ በ1923ም ከዓመቱ የሒሳብ ተመራቂዎች አንደኛ ሆኖ ወጣ። ግዙፍ ሰውነት ያለውና ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው እንደ ነበር በቅርብ ያወቁት ጽፈዋል።

ስሙ ግን ከመመረቁ በፊት ታውቆ ነበር። የሉድቪግ ቪትገንስታይንን «ትራክታተስ» ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ደፍሮ የተቀመጠው ገና በ18 ዓመቱ ነው፤ መጽሐፉ በ1922 ሲታተም የተርጓሚነቱን ስም የወሰደው ሥራውን የመራው ቻርልስ ኦግደን ቢሆንም፣ የትርጉሙ አብዛኛው ድካም የራምሲ ነበር። በዓመቱ ወደ ኦስትሪያ ተጓዘ። ቪትገንስታይን ያን ጊዜ ፑሽበርግ በምትባል መንደር ልጆች ያስተምር ስለ ነበር፣ ሁለቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየተቀመጡ መጽሐፉን መስመር በመስመር መረመሩት።

ለውሳኔ ጥናት ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከጆን ሜይናርድ ኬንስ ጋር የገባበት ክርክር ነው። ኬንስ በ1921 ስለ መሆን ዕድል ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በእሱ አስተያየት፣ በማስረጃና ማስረጃው በሚደግፈው ሐሳብ መካከል አንድ የሎጂክ ዝምድና አለ፤ ይህ ዝምድና የማንም ግላዊ ስሜት ውጤት አይደለም፤ የሰው አእምሮም በቀጥታ ያስተውለዋል። ራምሲ በ1922 ባወጣው ሒስ ይህን ተቃወመ። እንዲህ ያለው ዝምድና ለእሱ እንደማይታየው፣ ሌሎችም ያዩታል ብሎ እንደማያምን ኋላም ደጋግሞ አስረዳ። ይህ ነገር ቀይ ነው ከሚለው ማስረጃ ተነሥተን ያኛው ነገር ቀይ ነው ወደሚለው ስንሻገር የዝምድናው መጠን ስንት ነው ቢባል፣ ሁለት ሰዎች እንኳ አይስማሙም። ሁሉም ያየዋል የተባለውን ነገር ማንም በመጠን ሊናገረው ካልቻለ፣ መታየቱ ራሱ ያጠራጥራል።

ኬንስ በዘመኑ ስመ ጥር ነበር፤ ሐያሲው ደግሞ ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላው ተማሪ ነው። ሆኖም ኬንስ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ራምሲ በ1924፣ በ21 ዓመቱ፣ የኪንግስ ኮሌጅ አባል ሆኖ እንዲመረጥ ከረዱት አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ራምሲ በፍቅር ምክንያት የገጠመውን ጭንቀት ለመወጣት ወደ ቪየና ሄዶ ከፍሮይድ ደቀ መዛሙርት አንዱ ከሆነው ከቴዎዶር ራይክ ዘንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ሲከታተል ከርሞ ነበር። ሰው የሚፈልገውን ሁልጊዜ እንደማያውቅ የሚያስተምር ሐኪም ዘንድ የከረመ የሒሳብ ሊቅ፣ ስለ ምክንያታዊነት ሲጽፍ የሰውን ልብ እንደ መስታወት የጠራ አድርጎ ሊቆጥረው አይችልም።

እንግዲህ የኬንስ ዝምድና ከሌለ፣ የመሆን ዕድል የምንለው ምንድን ነው? የራምሲ መልስ፣ እምነት ሰውን ወደ ተግባር የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ስለዚህም ልንለካው የሚገባን በተግባሩ ነው የሚል ነው። አንድ ነገር በውስጣችን የሚሰማን ስሜት ብርታት መለኪያ አይሆንም፤ በጣም አጥብቀን የምናምናቸው ነገሮች ብዙውን ጊዜ ምንም ስሜት አይቀሰቅሱብንምና። ማንም ሰው የሚቀጥለው እርምጃው መሬት እንደሚያገኝ ያምናል፤ ግን ይህን ሲያምን ልቡ አይመታም።

የሰጠው ምሳሌ የመንገደኛ ነው። አንድ ሰው መንታ መንገድ ላይ ደርሶ በየትኛው እንደሚሄድ በከፊል ያውቃል፣ በከፊል ይጠራጠራል። ከመንገዱ ራቅ ብሎ በእርሻው ውስጥ የቆመ ሰው ይታየዋል። ሄዶ ይጠይቀው ይሆን? ገበሬው አሥር እርምጃ ብቻ ቢርቅ ምናልባት ይጠይቀዋል፤ ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ ግን በገመተው መንገድ ይቀጥላል። ለመጠየቅ ፈቃደኛ የሚሆንበት ርቀት፣ መንገዱን ቢስት ከሚደርስበት ጉዳት ጋር ሲመዛዘን፣ የእምነቱን መጠን በቁጥር ይነግረናል። በአማርኛ እርምጃ የሚለው ቃል የእግርንም ጉዞ፣ በውሳኔ የሚወሰድንም ተግባር መግለጹ ለዚህ ሐሳብ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚስማማ ይመስላል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ እንቅፋት አለ። የሰውየውን እምነት ከተግባሩ ለማወቅ የሚፈልገውን ነገር ምን ያህል እንደሚፈልገው አስቀድመን ማወቅ አለብን፤ ፍላጎቱን ከተግባሩ ለማወቅ ደግሞ እምነቱን ማወቅ ይኖርብናል። ጥንት የነበረው ዘዴ ሰውየውን በገንዘብ ማወራረድ ነው። ራምሲ በዚህ አልረካም፤ አንድ ሽልንግ ለድኻና ለባለጸጋ እኩል አይመዝንም፣ መወራረድን የሚወድም የሚጠላም አለ። ከዚህ አዙሪት የወጣበት መንገድ የድርሰቱ እምብርት ነው። በመጀመሪያ፣ እውነት ቢሆንም ባይሆንም ለሰውየው በራሱ ምንም የማይጠቅም የማይጎዳ አንድ ጉዳይ እንምረጥ፤ ለምሳሌ የአንድ ሳንቲም ውርወራ። ሰውየው ከሁለት ስጦታዎች አንዱን አብልጦ ይወዳል እንበል። ሳንቲሙ በአንበሳው በኩል ሲወድቅ የወደደውን፣ በሌላው ሲወድቅ ያልወደደውን ስጦታ ያገኛል፤ ወይም በተገላቢጦሽ። ከሁለቱ ውሎች የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም ካለ፣ ሳንቲሙ በአንበሳው በኩል መውደቁን የሚያምነው በግማሽ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ምን ያህል እንደሚፈልግ መለካት አላስፈለገም፤ የትኛውን እንደሚያስበልጥ ማወቅ በቂ ሆነ። ከዚያም ይህ ግማሽ እምነት እንደ መለኪያ ዘንግ ሆኖ የፍላጎቶችን ርቀት ይለካል፤ የተለኩት ፍላጎቶች ደግሞ በተራቸው ሌሎቹን እምነቶች ሁሉ ይለካሉ። እምነትና ፍላጎት በአንድ ጊዜ፣ ከምርጫ ብቻ ተነሥተው ተለኩ።

ቀጥሎ የመጣው ውጤት ምክንያታዊነት ለሚለው ቃል አዲስ ትርጉም ሰጠው። አንድ ሰው ነገ መዝነቡን ስድሳ በመቶ፣ አለመዝነቡንም ስድሳ በመቶ ያምናል ብለን እናስብ። ቢዘንብ አሥር ሽልንግ የሚያስገኝ የውርርድ ቲኬት በስድስት ሽልንግ ይገዛል፤ ባይዘንብ አሥር የሚያስገኘውንም በስድስት ይገዛል። አሥራ ሁለት ከፍሎ፣ ሰማዩ ያሻውን ቢያደርግ፣ አሥር ይቀበላል። ራምሲ እንዳስረዳው የእምነቱ መጠኖች የመሆን ዕድልን የሒሳብ ሕጎች የሚጥሱ ሰው፣ ብልጥ አወራራጅ በማንኛውም ሁኔታ ሊያከስረው ይችላል። ሕጎቹ ስለ ዓለም የሚናገሩት የለም፤ የሚጠይቁት እርስ በርስ መጣጣምን ነው። በሕጎቹ ውስጥ እስከ ቆየ ድረስ ማንም ሰው የወደደውን ሊያምን ይችላል።

ይህ ግን ለራምሲ አልበቃውም፤ ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ያቆሙት እዚህ ላይ መሆኑ ያሳዝናል። ሐሳቡ እርስ በርሱ የሚጣጣምለት እብድም አለ። ስለዚህ ከመጣጣም ሎጂክ ሌላ የሰው ሎጂክ ብሎ የጠራውን ጨመረ፤ እሱም የአስተሳሰብ ልማዶችን ወደ እውነት በማድረስ ብቃታቸው ይመዝናል። የአሜሪካዊው የቻርልስ ፐርስ ሥራ እዚህ ላይ እንደረዳው ራሱ መስክሯል። ከተለማመደው ይልቅ የሚሳካለት ልማድ መልካም ነው፤ ሰው ከገጠመው ተነሥቶ ስላልገጠመው የሚገምትበትን ልማዱንም ያጸደቀው በዚሁ መንገድ ነው። ሰዎች ዘወትር የሚሹትን ለማግኘት ይበልጥ ይበጃል ያሉትን ያደርጋሉ የሚለውን መነሻ ራሱንም ቢሆን እንደ ፍጹም እውነት አላቀረበውም። የሥነ ልቦና ሊቃውንት የተዉት ንድፈ ሐሳብ መሆኑን ገልጾ፣ የኒውተን መካኒክስ ልክ አለመሆኑ ታውቆም እንደሚያገለግል፣ ይህም ለተነሣበት ጉዳይ ለእውነት የቀረበ ስለሆነ ያገለግላል አለ።

በ1925 ሌቲስ ቤከርን አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1926 በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ መምህርነት ተሾመ። ዛሬ ቢሆን የትኛው የትምህርት ክፍል ነህ ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ኬንስ በሚያዘጋጀው የምጣኔ ሀብት መጽሔት ሁለት ጽሑፎች አወጣ። አንደኛው አርተር ፒጉ ላነሣው ጥያቄ መልስ ነው፤ መንግሥት ከሸቀጦች የተወሰነ ገቢ ሲሰበስብ የሕዝቡን እርካታ በትንሹ የሚቀንስበት ግብር ምን ዓይነት ነው? ግብሩ አነስተኛ ከሆነ፣ የሁሉም ሸቀጦች ምርት በእኩል ምጣኔ እንዲቀንስ የሚያደርገው ነው አለ። ሁለተኛው አንድ አገር ከገቢው ምን ያህል መቆጠብ እንዳለበት ያሰላል። በዚህ ስሌት ውስጥ የኋለኛውን ትውልድ ደስታ የራቀ ስለሆነ ብቻ ማሳነስን አልተቀበለም፤ በሥነ ምግባር የማይደገፍ፣ ከምናብ ድክመት የሚመጣ ነው ብሎ ፈረደበት። የደረሰበት የቁጠባ መጠንም ማንም ሰው ከሚገምተው እጅግ የበዛ ሆነ።

በሎጂክ ጥያቄ መካከል እንደ መሸጋገሪያ ያረጋገጠው አንድ የሒሳብ ነጥብ ደግሞ በራሱ ስም የሚጠራ ሰፊ የጥናት መስክ ወልዷል። ለምሳሌ ከማናቸውም ስድስት ሰዎች መካከል ወይ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሦስት፣ ወይ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሦስት መገኘታቸው አይቀርም። ለራምሲ ግን ይህ የመንገድ ላይ ሥራ ነበር።

በጃንዋሪ 1929 ቪትገንስታይን ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ። «ትራክታተስ»ን ለዶክትሬት ማሟያ ባቀረበ ጊዜ በወጉ አማካሪው የሆነው በ14 ዓመት የሚያንሰው ራምሲ ነበር። ውይይታቸው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። ራምሲ በጉበት ሕመም ተይዞ ለንደን በሚገኘው በጋይስ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ጃንዋሪ 19 ቀን 1930 ዐረፈ። ገና 27 ዓመት አልሞላውም ነበር።

ወዳጁ ሪቻርድ ብሬዝዌይት ጽሑፎቹን ሰብስቦ በ1931 አሳተማቸው። ኬንስ መጽሐፉን ሲገመግም በእምነት መጠን ጉዳይ ራምሲ ትክክል መሆኑን ተቀበለ፤ ልማድን በመመዘን የቀረበው የሰው ሎጂክ ግን አላሳመነውም። ከዚያ በኋላ ድርሰቱ በዝምታ ተዋጠ። ፈላስፎች የሒሳብ መሠረት ላይ የጻፈውን ፈለጉ፤ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ቀመሩ በዛባቸው፤ የስታቲስቲክስ ሰዎች በሎጂክ ድርሰቶች ስብስብ ውስጥ ለእነሱ የሚሆን ይኖራል ብለው አላሰቡም። ጣሊያናዊው ብሩኖ ደ ፊኔቲ ተመሳሳዩን ሐሳብ ለብቻው ደረሰበት። ፎን ኖይማንና ሞርገንስተርን በ1944 ፍላጎትን ከምርጫ ሲለኩ የመሆን ዕድሉን የተሰጠ አድርገው ወሰዱ፤ ራምሲ ሁለቱንም ለክቶ ነበር። ድርሰቱን ወደ ብርሃን ያወጣው ሊዮናርድ ሳቬጅ ነው፣ በ1954። የቁጠባው ጽሑፍ እስከ 1960ዎቹ፣ የግብሩም እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ተከታይ ጠበቁ።

በ1979 ዳንኤል ካህነማንና ዓሞስ ትቨርስኪ የሰዎች ምርጫ ከዚህ ሒሳብ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያፈነግጥ በሙከራ ሲያሳዩ፣ ብዙዎች የራምሲ ዓይነት ምክንያታዊነት እንደ ወደቀ ቆጠሩት። ራምሲ መነሻውን በግምት ደረጃ ብቻ እንዳስቀመጠው ግን ከድርሰቱ ይነበባል። ከሞቱ በፊት የጀመረው፣ ስለ እውነትና ስለ መሆን ዕድል ሰፋ አድርጎ ሊጽፈው ያሰበው መጽሐፍም ነበር፤ ያልተጨረሰው ረቂቅ በ1991፣ ከሞተ ከ61 ዓመት በኋላ፣ ታተመ።