ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፦ የነርስነት ሕይወታቸውና የሌሊት ተረኞች ጤና

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ምጥ የያዛት እናት በእኩለ ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣ ተረኛ አዋላጅ ነርስ ትቀበላታለች። ዛሬ እንደ ተራ ነገር የሚቆጠረው ይህ አገልግሎት ከሰማንያ ዓመታት በፊት በአብዛኛው የሀገራችን ክፍል የማይታሰብ ነበር። ኢትዮጵያውያን ሴቶች በነርስነት ሙያ እንዲሰማሩ መንገድ ከጠረጉት መካከል ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

ልደትና ስደት

ልዕልት ፀሐይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ከእቴጌ መነን አስፋው በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። የኢጣሊያ ፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሊገባ ሲቃረብ፣ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው ከሀገር ወጡ። ልዕልቲቱም በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ቤተሰቡ ባዝ በተባለችው ከተማ ሲቀመጥ፣ እሳቸው ግን የስደት ዘመናቸውን ሙያ ለመማር ሊጠቀሙበት ወሰኑ።

የመረጡት ሙያ ነርስነት ነበር። በዚያን ጊዜ ለአንዲት የንጉሥ ልጅ ሕሙማንን ማጠብ፣ ቁስል መጥረግና አልጋ ማንጠፍ የተለመደ ሥራ አልነበረም። ልዕልቲቱ ለንደን በሚገኘውና በግሬት ኦርመንድ ስትሪት ስም በሚታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው፣ በ1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ቀጥሎም ሥልጠናቸውን በጋይስ ሆስፒታል ገፉበት። የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት በቦምብ በሚደበድቡበት ወቅት፣ ሆስፒታሎች ቀንና ሌሊት ሳይለዩ ቁስለኞችን ይቀበሉ ነበር። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የነርስነት ትምህርት በክፍል ውስጥ ብቻ የሚሰጥ አልነበረም፤ ሠልጣኞች በቀንም በሌሊትም ተረኛ እየሆኑ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ይማሩ ነበር።

ወደ ሀገር መመለስና ዕረፍት

ሀገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ልዕልት ፀሐይ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል በሙያቸው አገለገሉ። በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን ዐቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። ሆኖም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ሕይወታቸው አለፈ። ዕድሜያቸው ገና 22 ዓመት ነበር። ሕሙማንን ለመንከባከብ የሠለጠኑት ልዕልት እናቶችን በየጊዜው ከሚቀጥፈው አደጋ አላመለጡም።

ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ ሀገር ገንዘብ ተሰበሰበ። በዚህ ሥራ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት ዋነኛዋ አስተባባሪ ነበሩ። በ1940ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ቤትም ነበረው። ሆስፒታሉ ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል።

ሌሊት ነቅቶ መሥራት በሰውነት ላይ የሚያስከትለው ጫና

ምጥም ድንገተኛ ሕመምም ሰዓት አይመርጡም። ስለዚህ ልዕልቲቱ የመረጡት ሙያ የሌሊት ተረኝነትን ማስቀረት አይችልም። በእሳቸው ዘመን የሌሊት ሥራ የሚያስከትለው ድካም ይታወቅ ነበር፤ በሰውነት የምግብ አጠቃቀም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ገና አልተጠናም ነበር።

የሰው ሰውነት በብርሃንና በጨለማ የሚመራ የውስጥ ሰዓት አለው። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን የደም ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ በቀን ይጠነክራል፣ በሌሊት ይዳከማል። በመሆኑም በእኩለ ሌሊት የተበላ ምግብ፣ ያው ምግብ በጠዋት ቢበላ ከሚሆነው ይልቅ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የእንቅልፍ እጦትም የረሃብ ስሜትን ያባብሳል። ይህ ሁኔታ ለዓመታት ሲደጋገም ለውፍረት፣ ለደም ግፊትና ለዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ያጋልጣል።

ለዚህ አንዱ ማስረጃ የተገኘው ከነርሶች ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው የነርሶች የጤና ጥናትና ተከታዩ ጥናት ከ170 ሺህ በላይ ሴት ነርሶችን ለረጅም ዓመታት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በፈረቃ ሌሊት የሠሩባቸው ዓመታት በበዙ መጠን በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸውም ጨምሯል። ከጭማሪው ከፊሉ ከክብደት መጨመር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል።

የሌሊት ተረኛ ባለሙያዎች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

ጉዳቱን ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም መቀነስ ይቻላል። ዋናውን ምግብ ተረኝነት ከመጀመሩ በፊት መመገብ፣ በእኩለ ሌሊት ከባድ ምግብና ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ ማስወገድ፣ ወደ ንጋት ሲቃረብ ቡና አለመጠጣት፣ ከተረኝነት መልስ በጨለማና ጸጥታ ባለው ክፍል በቂ እንቅልፍ መተኛት፣ በዕረፍት ቀናት የእግር ጉዞ ማድረግ ይጠቅማል። የሌሊት ሥራ የሚያዘወትሩ ሁሉ የደም ግፊታቸውን፣ የደም ስኳራቸውንና ክብደታቸውን በየጊዜው መመርመር ይኖርባቸዋል። ይህ ምክር ለጤና ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን ለጥበቃ ሠራተኞች፣ ለሾፌሮችና በፋብሪካ ፈረቃ ለሚሠሩ ነዋሪዎችም ያገለግላል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደር ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በሥራ ላይ እንዳትመደብ ሕጉ ይከለክላል። አሠሪዎች ይህን እንዲያከብሩ፣ ሠራተኞችም መብታቸውን እንዲያውቁ ይገባል።

ልዕልት ፀሐይ በነርስነት ያገለገሉበት ዘመን አጭር ነበር። የመረጡት ሙያ ግን ዛሬ በየጤና ጣቢያው በሌሊት በሚነቁ ብዙ ባለሙያዎች ቀጥሏል። ተገልጋዮች በሌሊት ወደ ማዋለጃ ክፍል ሲመጡ የሚያገኟት አዋላጅ ለሌላው ጤና ስትል የራሷን እንቅልፍ የሰጠች መሆኗን በማሰብ፣ በትዕግሥትና በአክብሮት እንዲተባበሯት ያስፈልጋል። የባለሙያዋ ጤና ሲጠበቅ የእናቲቱና የሕፃኑም ጤና ይጠበቃል።