ቻርልስ ኮርትኒ፤ ከአናጢነት እስከ ቀዛፊዎች አሠልጣኝነት

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በውሃ ላይ ሲፈጸም ለማየት የሚወድ ሰው፣ ስምንት ሆነው አንዲት ቀጭን ጀልባ የሚቀዝፉ ወጣቶችን ይመልከት። ከስምንቱ አንዱ መቅዘፊያውን ከጓደኞቹ ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት አድርጎ ቢነክር የሰባቱ ድካም ይባክናል። ስምንት ጉልበተኞችን መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ስምንቱን አንድ ሰው ማድረግ ግን ትልቅ ጥበብ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህን ጥበብ ለአሜሪካ ተማሪዎች ካስተማሩት ሰዎች መካከል ስሙ ገንኖ የሚነሣው ቻርልስ ኮርትኒ ነው።

ኮርትኒ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1849 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በካዩጋ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዩንየን ስፕሪንግስ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው።) ሙያው አናጢነት ነበር እንጂ የኮሌጅ ተማሪ አልነበረም። ነገር ግን ብቻውን ጀልባ ሲቀዝፍ የሚስተካከለው እየጠፋ ሄደ፤ በ1876 የአሜሪካ ነጻነት መቶኛ ዓመት ሲከበር በፊላዴልፊያ በተደረገው ውድድር አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ በገንዘብ መወዳደር ሲጀምር ዕድሉ ጠመመ። በ1878 በካናዳዊው በኔድ ሀንላን ተሸነፈ። በ1879 በሻቶኳ ሐይቅ እንደገና ሊገናኙ ተቀጣጥረው ሳለ፣ በውድድሩ ዋዜማ ሌሊት የኮርትኒ ጀልባዎች በመጋዝ ተቆርጠው ተገኙ። ሀንላን ብቻውን ቀዝፎ ጨረሰ። አንዳንዱ የተቀናቃኙን ወገኖች ጠረጠረ፤ አንዳንዱም ሽንፈት የፈራው ኮርትኒ ራሱ ነው እያለ አማው። በ1880 በዋሽንግተን በፖቶማክ ወንዝ ዳግመኛ ሲሸነፍ ሐሜቱ ባሰ።

በ1883 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቀዛፊዎች ለጥቂት ጊዜ እንዲያሠለጥናቸው ጠሩት፤ ውሎ አድሮም ቋሚ አሠልጣኛቸው ሆነ። ክረምቱ ሐይቁን ሲያቀዘቅዘው ተማሪዎቹ በቤት ውስጥ በመቅዘፊያ መሣሪያ ይለማመዱ ነበር፤ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ኮርትኒ በእንፋሎት ጀልባ እየተከተለ የእያንዳንዱን ጀርባ፣ ክንድና እግር ይመረምራል። ሰው ከሰው፣ ወንበር ከወንበር እያለዋወጠ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ ይፈትናል። ትከሻው የሰፋው ሁሉ አይመረጥም፤ የሚመረጠው ጀልባዋን የሚያስኬዳት ነው።

በ1895 ኮርኔሎች ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በሄንሊ ተወዳደሩ። በመጀመሪያው ቀን የሊያንደር ክለብ ቀዛፊዎች ሳይዘጋጁ ዳኛው ሂዱ ስላለ ኮርኔሎች ብቻቸውን ቀዝፈው አለፉ፤ በዚህም ብዙ ተወቀሱ። በማግሥቱ ከካምብሪጅ ትሪኒቲ ሆል ጋር ሲገጥሙ ጥቂት መርተው ሳለ ጉልበታቸው ከዳቸውና ተሸነፉ።

ኮርትኒ በዚህ ተስፋ አልቆረጠም። በ1896 በሀድሰን ወንዝ፣ በፖኪፕሲ፣ አራት ማይል በሚፈጀው ውድድር ልጆቹ ሀርቫርድን፣ ፔንሲልቬንያንና ኮሎምቢያን ቀደሙ። በ1897 ደግሞ ዬል በእንግሊዝ አገር ጥበቡን ባጠናው በቦብ ኩክ፣ ሀርቫርድም በእንግሊዛዊው በሌማን ሠልጥነው መጡ። አናጢው ያሠለጠናቸው ልጆች ሁለቱንም አሸነፉ።

በዚያው ዓመት ሆነ ተብሎ የሚተረክ ነገር አለ። አምስት የተመረጡ ቀዛፊዎች ከታዘዘላቸው ምግብ ውጭ የእንጆሪ ኬክ በሉ፤ ኮርትኒም ውድድሩ ተቃርቦ ሳለ አስወጥቶ በተጠባባቂዎች ተካቸው፤ ጀልባዋም አሸነፈች ይባላል። ቅጣቱ ለኬክ በዝቷል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ለጊዜው ምላሱን ያልገዛ ሰው በአራተኛው ማይል ላይ ሳንባው ሲቃጠል ለሰባት ጓደኞቹ ይታመናልን? የኮርትኒ ጥያቄ ይህ ነበር።

ኮርኔል ከ1901 እስከ 1903 በተከታታይ ሦስት ጊዜ፣ ከ1909 እስከ 1912 ደግሞ አራት ጊዜ በፖኪፕሲ አንደኛ ወጣ። ኮርትኒ በ1920 በዚያው ባደገበት በካዩጋ ሐይቅ ዳር ዐረፈ። የሻቶኳን ጀልባዎች ማን እንደቆረጣቸው ሳይታወቅ ቀረ። እርሱ ግን ለሐሜቱ በቃል ሲመልስ አልኖረም፤ መልሱ በየዓመቱ በወንዙ ላይ ስምንት ስምንት እየሆነ ሲያልፍ ይታይ ነበር።